የሪድሚው የመጀመሪያ መስመር

ሪድሚ ፋይላችን (ኮዱን የሚከፍት ሰው መጀመሪያ የሚያነበው መግለጫ) ላይ ከፕሮጀክቱ ስም ስር አንዲት አጭር መስመር አለች። እሷን ለመጻፍ አምስት ሰዎች ሦስት ሳምንት ሙሉ ተከራክረናል፣ አንዳንዱ ቀን እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ፣ እና ይሄን ስነግረው ብዙ ሰው የሚለኝ ስንት ያልተዘጋ ባግ (የኮድ ስህተት) እያለ ስሎጋን ላይ ይሄን ያህል ጊዜ ምን ያደርጋል ነው። እኔ ግን እዛ ፕሮጀክት ላይ ከሰራሁት ሁሉ ዛሬም ድረስ የማስብበት እሱን ነው፣ ለምን እንደሆነ ሳልረሳው ልጻፈው ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

መጀመሪያ ፕሮግራሙ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ባክአፕ (የፋይል መጠባበቂያ ቅጂ) መያዣ ነው፣ ኮማንድ ላይን ላይ፣ ማለትም በጽሁፍ ትዕዛዝ፣ የሚሰራ ትንሽ ነገር። ከሌሎቹ የሚለየው ባክአፑን ይዞ እዛው ላይ አለማቆሙ ነው፤ የያዘውን ሌላ ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ መልሶ ይከፍተውና እያንዳንዱን ፋይል ከኦሪጅናሉ ጋር ሀሽ በሀሽ (ሀሽ ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ አጭር አሻራ ነው) ያመሳክራል። የጀመርኩት እኔ ነኝ፣ የጀመርኩትም ተጎድቼ ነው። ሀርድ ዲስኬ ሞተ፣ ባክአፕ አለኝ ብዬ ብዙም አልደነገጥኩም ነበር፣ ልከፍተው ስል ግን ባክአፑ መሀሉ ላይ ተበላሽቶ አገኘሁት። የአራት ዓመት ስራ፣ የአራት ዓመት ፎቶ። ለወራት በየሌሊቱ በሰዓቱ ባክአፕ ሲይዝ ነበር፣ የሚይዘው ግን የማይከፈት ነገር ነው፣ እኔ ደሞ አንድም ቀን ከፍቼ አይቼው አላውቅም።

ኮዱን ለሰው ክፍት ሳደርገው ከስሙ ስር የሆነ ነገር መጻፍ ነበረብኝና በአንድ ደቂቃ ውስጥ በእንግሊዝኛ የጻፍኩት ወደ አማርኛ ሲመለስ «ፋይልህ መቼም አይጠፋም» የሚል ነበር። ደስ የሚል ነገር ነው፣ አጭር ነው፣ ልብ ውስጥ ይገባል። ስጽፈው ደሞ ከልቤ ነው፣ ምክንያቱም እኔ ላይ የደረሰው ሰው ላይ እንዳይደርስ ነበር የምፈልገው። ምኞቴን ነው የጻፍኩት ማለት ነው፣ ግን የተጻፈው እንደ ምኞት አልነበረም፣ የሚያነበው ሰውም እንደ ምኞት አላነበበውም።

ስምንት ወር ገደማ ቆይቶ አንድ ኢሹ (ተጠቃሚ ችግር የሚያሳውቅበት ጽሁፍ) ተከፈተ። ርዕሱ የኛው ስሎጋን ነው፣ ቃል በቃል፣ መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት ብቻ ተጨምሮበት። የከፈተችው ሴት ባክአፕ የያዘችው ፋት32 በሚባል የፋይል አቀማመጥ በተዘጋጀ ውጫዊ ዲስክ ላይ ነበር፣ ፋት32 ደሞ 4 ጊጋባይት የሞላ ፋይል አይቀበልም፣ የዲስኩ አሰራር ራሱ የፋይሉን መጠን የሚመዘግብበት ቦታ 32 ቢት ብቻ ስለሆነ ከዛ በላይ መቁጠር አይችልም። ከፋይሎቿ አንዱ ዳግም ሊቀረጽ የማይችል ረጅም ቃለ መጠይቅ ያለበት ቪዲዮ ነው፣ ከ4 ጊጋ ይበልጣል። ፕሮግራማችን ሊጽፈው ሞከረ፣ አልሆነለትም፣ ሎጉ (የስራ መዝገቡ) ላይ አንዲት ማስጠንቀቂያ ጻፈና ወደሚቀጥለው ፋይል አለፈ። ማመሳከሪያው ደሞ የሚያመሳክረው ባክአፑ ውስጥ የገባውን ብቻ ስለነበር፣ ያልገባውን ፋይል እንዳልገባ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም፣ ስለዚ መጨረሻ ላይ «ተጠናቋል፣ ሁሉም ፋይል ትክክል ነው» ብሎ ወጣ። እሷም ይሄን አምና ኮምፒውተሯን ፎርማት አደረገችው።

አልተቆጣችም። አንድም ክፉ ቃል አልጻፈችም። የሪድሚያችንን የመጀመሪያ መስመር ገልብጣ ለጠፈች፣ ከስሩ የሆነውን በቅደም ተከተል ጻፈች፣ የዲስኩን አይነት፣ የፋይሉን መጠን፣ የሎጉን መስመር፣ በቃ። እኔ ያን ኢሹ ያነበብኩበትን ቀን አልረሳውም፣ የደረሰባት ነገር እኔ ላይ የደረሰው ራሱ ነው፣ ልዩነቱ የኔን ያደረሰብኝ የተበላሸ ፋይል ነው፣ የሷን ያደረሰባት ግን እኔ የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ነው።

ባጉን በሁለት ቀን ውስጥ አስተካከልነው። ፕሮግራሙ አሁን መጀመሪያ መያዝ ያለበትን ፋይል ሁሉ ይቆጥራል፣ አንድ ቢጎድል ቀይ ጽሁፍ አውጥቶ በኤረር ይወጣል። መስመሯ ግን ከዛ በኋላም ለወራት እዛው ቆየች። ማንም አላያትም፣ እኔም አላየኋትም። ኮዱ ላይ ባግ ሲገኝ የምናደርገውን እናውቃለን፣ ዓረፍተ ነገር ላይ ባግ ሲገኝ ግን ባግ ነው ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

በኋላ ነው ቃሉ ራሱ ሲያሳስበኝ የመጣው። ስሎጋን ስንል ያው ቀለል አድርገን ነው፣ መፈክር ካልነው ደሞ ሰልፍና ጩኸት ይመጣብናል፣ ቁምነገር ሲሆን ግን መሪ ቃል ነው የምንለው። መሪ ቃል። ቃል ደሞ በኛ ቋንቋ ሁለት ነገር ነው፣ ከአፍ የሚወጣው ቃልም ነው፣ የሚገባውም ቃል ነው። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለውን ተረት ልጅ ሆኜ ስሰማው በጣም የተጋነነ ይመስለኝ ነበር፣ ባክአፕ ፕሮግራም ላይ «አይጠፋም» ብሎ ጽፎ የሰው ፋይል የጠፋበት ሰው ግን አያጋንንም ይላል።

ከዛ በኋላ የሌሎችን ፕሮጀክቶች መስመሮች ማንበብ ጀመርኩ፣ በፊት ዝም ብዬ የማልፋቸውን። ከሁሉም በላይ የቆየሁት ኦፕንቢኤስዲ ላይ ነው። ኦፕንቢኤስዲ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው፣ ሴኩሪቲ ላይ ቀልድ አያውቁም፣ ዌብሳይታቸው ላይ የነበረው መስመር በዲፎልት (ምንም ሳይጨመርበት እንዳለ) ሲጫን ከርቀት የሚገባበት ቀዳዳ ሳይገኝበት አምስት ዓመት ሞላው የሚል ነበር። ከዛ በ2002 (እ.ኤ.አ. ነው፣ የሚቀጥሉትም እንደዛው) ኦፕንኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ኮምፒውተር መግቢያ ፕሮግራም) ላይ ቀዳዳ ተገኘ፣ ኦፕንኤስኤስኤችን ደሞ የሚሰሩት ራሳቸው ናቸው። መስመሩን ማንሳት ይችሉ ነበር፣ በሌላ ደስ በሚል ነገር መተካትም ይችሉ ነበር። ያደረጉት ግን ቁጥሩን መቀየር ነው፣ በስድስት ዓመት ገደማ ውስጥ አንድ ቀዳዳ ብሎ ተጻፈ። በ2007 ሁለተኛ ተገኘ፣ ይሄኛው አይፒቪ6ን (አዲሱን የኢንተርኔት አድራሻ አሰራር) የሚያስተናግደው ክፍል ላይ፣ አሁንም ቀየሩት፣ ከአስር ዓመት በላይ ሁለት ብቻ አሉ። ዛሬም ሁለት ነው የሚለው፣ ዓመቱን መቁጠር ትተው «በጣም ረጅም ጊዜ» ብለውታል።

እኔን የነካኝ ጥንካሬያቸው ብቻ አይደለም። መስመሯ ውስጥ «በዲፎልት ሲጫን» የምትል ቃል አለች፣ ብዙ ሰው በሷ ይወቅሳቸዋል፣ ዲፎልቱ ላይ ብዙ ሰርቪስ አልተከፈተማ ይላል። እኔ እንደውም ያቺን ቃል ነው በጣም የወደድኳት። ቃሉ የሚደርስበትን ድንበር ነው ያሰመሩት፣ ከዚህ እስከዚህ ያለውን እኛ እንወስዳለን፣ ከዛ ወዲያ አንተ የጨመርከው ነው። የኔ መስመር ድንበር አልነበራትም። «መቼም» የምትል ቃል ነበረችበት፣ መቼም ማለት ደሞ ድንበር የለውም።

ሌሎችም አሉ ደስ የሚሉኝ። ጃንጎ ራሱን ዴድላይን ላለባቸው ነገር ግን ነገሩ ፍጹም ካልሆነ ለማይዋጥላቸው ሰዎች የተሰራ የዌብ ፍሬምወርክ (ዌብሳይት መስሪያ መሳሪያ) ይላል፣ ስለ ፕሮግራሙ ሳይሆን ስለ ተጠቃሚው ነው የሚያወራው፣ የጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ውስጥ የተወለደ ነገር መሆኑን ስታውቅ ዴድላይን የምትለው ቃል ከየት እንደመጣች ይገባሃል። ኤስኪውላይት የሚባለው ዳታቤዝ (መረጃ ማስቀመጫ) ደሞ «ትንሽ፣ ፈጣን፣ አስተማማኝ፤ የፈለከውን ሦስቱን ምረጥ» ይላል፣ ኢንጂነሮች ሁሌ ከሦስት ሁለቱን ብቻ ምረጥ የሚሉትን ነገር ገልብጦ። ይሄ ሰምና ወርቅ ለለመደ ሰው ቶሎ ይገባል። ዋናው ነገር ግን ቀልዱን የሚሸከም ስራ ከስሩ አለ፣ የቴስታቸው (የመፈተሻቸው) ኮድ ከዳታቤዙ ከራሱ ኮድ ብዙ መቶ እጥፍ ይበልጣል፣ ስለዚ ሦስቱንም ሲሉህ ታምናቸዋለህ። ያን ቀልድ እኛ ብንቀልደው ባዶ ነበር የሚሆነው።

ሌሎቹን ዳታቤዞች ስታይ ደሞ ፖስትግሬስ በዓለም እጅግ የላቀው ነኝ ይላል፣ ማይኤስኪውኤል በዓለም እጅግ ታዋቂው ነኝ ይላል፣ ሁለቱም ጎን ለጎን ስንት ዓመት ኖሩ። እነሱን ብዙ አላጠናኋቸውም፣ «እጅግ» የሚል ነገር ለትንሽ ፕሮጀክት አይሆንም።

ረስት የሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ላይ ግን ቆይቻለሁ። በፊት የነበረው መስመር በጣም ፈጣን የሆነ፣ ሴግፎልትን (ፕሮግራም ያልተፈቀደለትን ሜሞሪ ነክቶ የሚወድቅበትን ስህተት) የሚከላከል፣ የትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄዱ ስራዎች) ደህንነትን የሚያረጋግጥ ቋንቋ ነው ይል ነበር። በ2018 መጨረሻ ዌብሳይቱን ሲያድሱ ማንኛውም ሰው አስተማማኝና ብቁ ሶፍትዌር እንዲሰራ አቅም የሚሰጥ ቋንቋ ሆነ። ምን እንደፈለጉ ይገባኛል፣ የመጀመሪያው የሚያናግረው ሴግፎልት ያሰቃየውን ሰው ብቻ ነው፣ ሁለተኛው በሩን ለሌላውም ይከፍታል። ለኔ ግን የመጀመሪያው ይሻለኛል፣ ምክንያቱም ውሸት ሆኖ ቢገኝ ውሸት መሆኑን ማሳየት ይቻላል፣ አንድ ኮድ ጽፈህ ይኸው ተሰበረ ማለት ትችላለህ። «አቅም ይሰጣል» የሚለውን ማን ይሰብረዋል?

እና ከሁሉም የሚገርመው ጥሩ ምሳሌው ሁሌም አጠገባችን መኖሩ ነው። ማን ፔጅ (የኮማንድ መመሪያ ገጽ) ክፈቱ፣ የማንኛውንም ኮማንድ። የመጀመሪያው ክፍል ስሙ ነው፣ ከዛ ሰረዝ፣ ከዛ ምን እንደሚሰራ በአንድ መስመር። ኤልኤስ፣ የፎልደር ይዘት ይዘረዝራል። በቃ። ማንም ስሎጋን ነው ብሎ አይጠራውም፣ ግን ሰው ኮማንድ ሲፈልግ የሚፈለገው እዛች መስመር ውስጥ ነው። የጊት (የኮድ ለውጥ መከታተያ ፕሮግራም ነው) ማን ፔጅ ላይ ዛሬም ድረስ ደደቡ የይዘት መከታተያ የሚል ነው ያለው፣ ሊኑክስን የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 ሲጀምረው የጻፈው፣ ደደብ ያለውም ብዙ አላውቅም ፋይል ብቻ ነው የምይዘው እንዲል ነው። ዴቢያንም (ሊኑክስ ላይ የተሰራ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው) ለያንዳንዱ ፓኬጅ፣ ማለትም ለመጫን ለተዘጋጀ ፕሮግራም፣ አጭር መግለጫ ይጠይቃል፣ ከ80 ፊደል ማነስ አለበት፣ የፓኬጁን ስም መልሶ መጥራት የለበትም። ከ60 ሺህ በላይ ፓኬጅ አለ እዛ፣ ሁሉም በዛች ጠባብ ቦታ ውስጥ ራሱን ተናግሯል። እኛም መጀመሪያ ያደረግነው ይሄን ነው፣ በ80 ፊደል ስሙን ሳንጠራ ምን እንደሚሰራ እያንዳንዳችን እንጻፍ ተባባልን። አምስት ሰው አምስት የተለያየ ፕሮግራም ጻፈ። አንዱ ፍጥነቱን፣ አንዱ ትንሽነቱን፣ አንዷ ኢንክሪፕሽኑን (ፋይሉን በሚስጥር መቆለፉን)። ክርክሩ ስለ ቃል እንዳልሆነ ያኔ ነው የገባን፣ ምን እየሰራን እንደሆነ ተስማምተን አናውቅም ነበር።

ከአምስቱ አራቱ ውስጥ «ቀላል» እና «ፈጣን» የሚሉ ቃላት ነበሩ። አንዱ ልጅ የግልባጭ ፈተና አመጣ፣ መስመሩን ወደ ተቃራኒው ቀይረውና የሚለው ሰው ካለ እይ አለ። አስቸጋሪና ዘገምተኛ ባክአፕ ነኝ የሚል ፕሮግራም የለም፣ ስለዚ ቀላልና ፈጣን ነኝ ማለት ምንም አለማለት ነው። ባክአፑን ከፍቼ አመሳክራለሁ የሚለውን ስትገለብጠው ግን ሳልከፍት አስቀምጣለሁ ይሆናል፣ ይሄን ደሞ በተግባር ብዙ ፕሮግራም ያደርገዋል፣ የሚያደርጉበትም ምክንያት አላቸው፣ ከፍቶ ማመሳከር ጊዜ ይወስዳል፣ የዲስክ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚ እዛ ላይ ምርጫ አለ ማለት ነው። ምርጫ ያለበትን ቦታ አገኘን።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር የመጣው ከትርጉም ነው። ሪድሚውን ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነበር፣ «ፋይልህ» ልል ነው «ፋይልሽ»? ኢሹውን የከፈተችው ሴት ነበረች። «ፋይልዎ» ካልኩ አክብሮት ነው፣ ግን ኮማንድ ላይን ላይ ከሚሰራ ነገር ጋር ይራራቃል፣ «ፋይላችሁ» ካልኩ ለጉባኤ የማወራ ይመስላል። እንግሊዝኛው ይሄን ሁሉ ሸፍኖት ነበር፣ አንዲት ቃል ለሁሉም። አማርኛው ግን ማንን ነው የምታናግረው ብሎ ያዘኝ፣ ሁለት ቀን እዛ ላይ ቆምኩ፣ መጨረሻ ላይ ሰሚውን በሙሉ አወጣሁት። ሰሚው ሲወጣ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የቀረው ፕሮግራሙ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ደሞ የሰው ፋይል መቼም አይጠፋም ማለት አይችልም፣ የሰው ፋይል እጣ ፈንታ በሱ እጅ አይደለም፤ ዲስኩ አለ፣ እሳቱ አለ፣ ተሳስቶ የሚሰርዘው ሰው አለ። ማለት የሚችለው እኔ ይሄን አደርጋለሁ ነው። አየህ፣ የመጀመሪያው መስመር ስህተት ሰዋስው ውስጥ ነበር ማለት ይቻላል፣ ባለቤቱ ፋይሉ ነበር፣ መሆን የነበረበት ፕሮግራሙ ነው።

በዚሁ ትርጉም ላይ «ነጻ» የምትለዋም አከራከረችን። እንግሊዝኛው ላይ አንድ ቃል ነጻነትንም ያለ ክፍያ መሆንንም ስለሚል ይቺ ችግር ትልቅ ታሪክ አላት፣ ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ግኑን (የነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፕሮጀክቱን) ካወጀ በኋላ ለዓመታት ስለ ነጻነት ነው የማወራው እንጂ ስለ ዋጋ አይደለም እያለ ሲያስረዳ ነው የኖረው፣ በየካቲት 1998 ደሞ የብራውዘር ኩባንያው ኔትስኬፕ ኮዱን እከፍታለሁ ካለ ብዙም ሳይቆይ ክሪስቲን ፒተርሰን ኦፕን ሶርስ (ክፍት ኮድ) የሚለውን ቃል ያመጣችው አንዱ ምክንያት ያ መምታታት ነው። እስቲ አስቡት፣ ሁላችን የምንጠራበት ስም ራሱ አንድ ስብሰባ ላይ ተመክሮበት የተመረጠ ቃል ነው። አማርኛ ላይ ደሞ አንዲት «በ» ትለየዋለች፣ ነጻ ሌላ በነጻ ሌላ። ግን «ነጻ ባክአፕ» ብለህ ብትጽፍ አብዛኛው ሰው በልቡ «በ»ዋን ጨምሮ ነው የሚያነበው፣ ስለዚ መስመሯ ውስጥ አላስገባናትም፣ ላይሰንሱ ስር በሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፍናት፣ ማንም ሰው ኮዱን ማየት፣ መቀየርና ማካፈል ይችላል ብለን።

መጨረሻ ላይ ሁለት መስመር ቀረ። አንደኛው «መልሶ ያልተከፈተ ባክአፕ ባክአፕ አይደለም» የሚል ነው። በጣም ያምራል፣ እኔ ለሱ ነበር የቆምኩት፣ የደረሰብኝን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ይናገርልኛል። ሁለተኛው «ባክአፕ ይይዛል፣ መልሶ ከፍቶ ያመሳክራል»። ጌጥ የለውም። ኢንክሪፕሽኑን የጻፈችው ልጅ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፣ ያ ሁሉ ነገር የጠፋብህ ቀን የመጀመሪያውን መስመር ብታነበው ምን ይሰማህ ነበር አለችኝ። ዝም አልኩ። ወቀሳ ነበር የሚመስለኝ። ገና ምንም ሳንሰራለት ሰውየውን እየወቀስነው ነው፣ ሁለተኛው ግን ስራውን ይነግረውና ይተወዋል። በዛው ማታ ሁለተኛውን መረጥን፣ አሁንም የመጀመሪያውን ስሰማው ልቤ ይሄዳል ግን ትክክል እሷ ናት።

መስመሯ ከተጻፈች በኋላ ያላሰብነውን ስራ መስራት ጀመረች። አንድ ሰው ጥሩ ኮድ ያለበት ፑል ሪኩዌስት (ለውጤን ተቀበሉኝ የሚል ጥያቄ) ላከ፣ ማመሳከሩን የሚዘል ፈጣን ሞድ። በፊት ቢሆን ሳምንት እንከራከርበት ነበር፣ እንቀበለው አንቀበለው፣ ተጠቃሚ ይፈልገዋል አይፈልገውም። አሁን ሪድሚውን ከፍተን አነበብነውና ይሄ ሞድ ከገባ መስመሯ ውሸት ትሆናለች አልን፣ ለልጁም ምክንያቱን በደንብ ጻፍንለት፣ ገባው፣ ማመሳከሩን ራሱን የሚያፈጥን ሌላ ስራ ይዞ መጣ፣ ዛሬ አብሮን ይሰራል። ቴስታችን ውስጥ ደሞ በመስመሯ ስም የተሰየመ አንድ ቴስት አለ። ባክአፕ ይይዛል፣ ከባክአፑ ውስጥ አንዲት ባይት ያበላሻል፣ ፕሮግራሙ ኤረር ካላወጣ ቴስቱ ይወድቃል። ሁለተኛው ግማሹ 4 ጊጋ የሞላ ፋይል ፋት32 ላይ ለመያዝ ይሞክራል። ያ ቴስት ከወደቀ ሪሊዝ (አዲስ እትም) አይወጣም። የቪዲዮዋን ኢሹ ቁጥር ኮሜንት ላይ አስቀምጠነዋል፣ ለምን እንደተጻፈ የሚጠይቅ ሰው እንዲያነበው።

ባለፈው ወር ደሞ ሌላ ኢሹ መጣ፣ አሁንም መስመሯን ገልብጦ። ያመሳክራል ትላላችሁ ግን ፐርሚሽኑን አታመሳክሩም፣ ሰርቨሬ ላይ ፋይሎቹ ተመለሱ ግን ማን ማንበብ እንደሚችል የሚለው ተቀይሮ ነው ይላል። ልክ ነው፣ የምናመሳክረው የፋይሉን ውስጥ ብቻ ነው። ማስተካከሉ ጊዜ ይወስዳል፣ እያንዳንዱ ፋይል ሲስተም የራሱ አመል አለው፣ በሁለት ቀን የሚያልቅ አይደለም። ስለዚ በዛው ቀን መጀመሪያ ያደረግነው ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) ሪድሚው ላይ ነው። «ባክአፕ ይይዛል፣ መልሶ ከፍቶ የፋይሎቹን ይዘት ያመሳክራል»። ትንሽ ረዘመች፣ ስታነባት መሀል ላይ ታንቃለች፣ ከፕሮጀክቱ ስም ስር በአንድ መስመር መግባቷንም እንጃ፣ ስልክ ላይ ወደ ሁለተኛ መስመር ትወርዳለች። ፐርሚሽኑ ሲያልቅ እናሳጥራታለን።